እንዶድ ለምን በውሃ ይዘፈዘፋል?

(አስረጂ ድርሰት፤ ለንባብና ለመልመጃ)

ከማንበባችሁ በፊት፦ አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደሆነ ከመናገር አልፎ እንዴትና ለምን እንደሚሆን የሚያብራራ ጽሑፍ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ከኬሚስትሪ ትምህርት የተወሰደ አንድ ጉዳይ ያስረዳል። በምታነቡበት ጊዜ ሐሳቡ ከሚታወቀው ነገር ተነሥቶ ወደማይታወቀው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሻገር ልብ በሉ።

1. በጉና ግርጌ

የጉና ተራራ ከደብረ ታቦር ከተማ ብዙም ሳይርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ራስጌው ጅባራና አስታ የሚበቅልበት ውርጫም ቦታ ነው፤ ዝቅ ሲሉ የገብስና የድንች ማሳ ይገኛል። ጉማራና ርብ የተባሉት ወንዞች ከዚህ ተራራ ይነሣሉ፤ ቁልቁል ወርደው የፎገራን ሜዳ ካቋረጡ በኋላም ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ።

በዚህ አገር ያደጋችሁ ሁሉ፣ ወይም በሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የኖራችሁ፣ እንዶድን ታውቁታላችሁ። እንዶድ በአጥርና በቁጥቋጦ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ፣ ፍሬውን በዘለላ የሚይዝ ተክል ነው። ጥምቀት ሲቃረብ እናቶች ፍሬውን ቀይ ሆኖ ሳይበስል፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቅሙታል፤ በፀሐይ ያደርቁታል፤ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያም ዱቄቱን በውሃ ይዘፈዝፉታል። ጥቂት ቆይቶ ውሃው አረፋ በአረፋ ይሆናል። ጋቢው፣ ነጠላውና ቀሚሱ በዚያ ውሃ ታሽቶ ሲታጠብ እንደገና ይነጣል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። እንዶድ ለምን በውሃ ይዘፈዘፋል? «በቅርብ የሚገኘው ውሃ ስለሆነ ነዋ!» ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። በኬሚስት ቤተ ሙከራ ውስጥ ከውሃ ሌላ ብዙ አሟሚዎች ይገኛሉ። ከእነዚህ አንዱ ሜታኖል የተባለው የአልኮል ዓይነት ነው። ሜታኖል ከተክል ውስጥ ብዙ ነገር አሟሙቶ ስለሚያወጣ ኬሚስቶች አዘውትረው ይጠቀሙበታል። ይሁን እንጂ የእንዶድን ፍሬ በውሃ ፋንታ በሜታኖል ዘፍዝፈን ብናወጣው፣ የምናገኘው ነገር እንዶድን ከሁሉ ይበልጥ ዝነኛ ያደረገውን ኃይል ያጣ ሆኖ ይገኛል። ተክሉ አንድ ነው፤ ፍሬው አንድ ነው፤ የተለወጠው አሟሚው ብቻ ነው። ታዲያ ኃይሉ የት ሄደ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ያ ኃይል ምን እንደሆነና ለምን እንደምንፈልገው ማወቅ ያስፈልጋል።

2. ቀንድ አውጣና እንዶድ

ቢልሃርዝያ በአገራችን በብዙ ስፍራ የሚገኝ በሽታ ነው። በደጋው ቀዝቃዛ ምንጭ ላይ እምብዛም አይታይም። ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ሲወረድ ግን፣ ለምሳሌ በጣና ሐይቅ ዙሪያ፣ ውሃ የሚቀዱትን፣ ከብት የሚያጠጡትንና የሚዋኙትን፣ በተለይም ልጆችን ያጠቃል። የበሽታው ትል እንቁላል ከሕመምተኛው ዓይነ ምድር ጋር ወደ ውሃ ይገባል፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ በውሃው ውስጥ ወደሚኖር ቀንድ አውጣ ይገባና በዚያ ይራባል፤ ከዚያም ተመልሶ ወደ ውሃው በመውጣት የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል ማለት ነው።

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ስለዚህ በሽታ በአድዋ ጥናት ያካሂዱ ነበር። በአንድ ወንዝ አጠገብ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ስፍራ ይበልጥ በዝተው አገኙ። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ቢያደርጉባቸው ሞቱ። ብዙ ሰው በየቀኑ ሲያየው የኖረው ነገር በዚያን ዕለት ጥያቄ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በአድዋ ለተወሰኑ ዓመታት እንዶድን በወንዞች ላይ የመሞከር ሥራ ተከናወነ። በሙከራው መጀመሪያ ላይ ከትንንሽ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ በበሽታው ተይዘው ነበር፤ በመጨረሻው ግን የተያዙት ከአሥር አንድ እንኳን አልሞሉም። ዶክተር አክሊሉ ለማና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ድካማቸው በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመከላከል ዋናው መሣሪያ ፕራዚኳንቴል የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ የታመመውን ሰው ያድናል እንጂ ቀንድ አውጣውን ከውሃው አያጠፋም፤ የዳነው ልጅ ነገ ወደዚያው ውሃ ቢመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ስለ እንዶድ የሚቀርበው ጥያቄ ዛሬም ከጥቅም ውጭ አልሆነም።

እንግዲህ የጠፋው ኃይል ይህ ቀንድ አውጣን የመግደል ኃይል ነው። አንድ ተመራማሪ እንዶድን በሜታኖል ብቻ አውጥቶ ቢመረምርና «ይህ ተክል ዋጋ የለውም» ብሎ መዝገቡን ቢዘጋ፣ ስሕተቱ የቤተ ሙከራ ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ውሃ ውስጥ ገብተው የሚጫወቱትን ልጆችም ይነካል።

3. አጽሙና ተቀጽላው

በእንዶድ ፍሬ ውስጥ አረፋ የሚፈጥሩት ንጥረ ነገሮች ሳፖኒን ይባላሉ። ስሙ የመጣው «ሳፖ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትርጉሙም ሳሙና ማለት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሚገኙ ኬሚስቶች ከእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣን የሚገድሉትን ሳፖኒኖች ለይተው አወጡ። ከእነርሱም አንዱን ለዶክተር አክሊሉ ለማ ክብር ሲሉ ሌማቶክሲን ብለው ሰየሙት።

የሳፖኒንን አሠራር ለመረዳት በሰዋስው ትምህርታችሁ የምታውቁትን አንድ ነገር አስታውሱ። «ሰበረ»፣ «ተሰበረ»፣ «ሰባሪ»፣ «ስብራት» የሚሉት ቃላት ሁሉ የጋራ ሥር አላቸው፤ ይኸውም ሰ-ብ-ር ነው። ሥሩ ሳይለወጥ በላዩ ላይ የሚጨመረውና የሚቀነሰው ነገር የቃሉን አገልግሎት ይለውጠዋል። የካርቦናዊ ኬሚስትሪም ነገር ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሞለኪዩሉ ከካርቦን አቶሞች የተሠራ አጽም አለው፤ በአጽሙ ላይ የተቀጠሉት ጥቂት አቶሞች ደግሞ ንጥረ ነገሩ ምን እንደሚሠራ ይወስናሉ።

የእንዶድ ዋነኛ ሳፖኒኖች አጽም 30 ካርቦኖች ያሉትና በአምስት ቀለበቶች የተያያዘ ነው። ይህ አጽም እንደ ሞራ ከቅባት ጋር ይስማማል፤ ከውሃ ጋር ግን አይስማማም። በአንዱ ጫፍ፣ በ3ኛው ካርቦን ላይ፣ የስኳር ሰንሰለት ተቀጥሎበታል። በሌላው ጫፍ፣ በ28ኛው ካርቦን ላይ፣ ሌላ ስኳር ተቀጥሎበታል። ስኳር ደግሞ፣ ሻይ ስታጣፍጡ እንደምታዩት፣ ውሃን ይወዳል።

በተፈጥሮው፣ ማለትም ፍሬው ሳይወቀጥና ሳይርስ፣ ሳፖኒኑ በሁለቱም ጫፍ ስኳር ይዟል። በዚህ ሁኔታ ቀንድ አውጣን ለመግደል ያለው ኃይል እጅግ ደካማ ነው። ምክንያቱን ለመረዳት ሳሙናን አስቡ። የሳሙና ሞለኪዩል አንደኛው ጫፉ ውሃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን ይወዳል፤ በዚህ ዓይነት በውሃና በቅባት መካከል ይገባል። ሁለቱም ጫፎቹ ውሃን ቢወዱ ኖሮ ወደ ቅባቱ ሊገባ ባልቻለም ነበር። የሕያው ሕዋስ ሽፋን በአብዛኛው ከቅባት መሰል ነገር የተሠራ ነው። ሳፖኒኑ ይህን ሽፋን ሰርጎ ገብቶ የሚያፈርሰው ባለ አንድ ወገን ስኳር ሲሆን ነው። ስለሆነም በ28ኛው ካርቦን ላይ ያለው ስኳር መወገድ አለበት፤ በ3ኛው ላይ ያለው ግን መቅረት አለበት።

ይህን ነጥብ በሚገባ ያዙት፤ የቀረው ትምህርት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነውና። የሚፈለገው አንዱን ስኳር መቁረጥና ሌላውን ማዳን ነው።

4. ለውጡ በምን ደረጃ ያልፋል?

አንድ ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጥበት ድርጊት አጸግብሮት ይባላል። ለውጡን ለማምጣት የምንጨምረው ነገር አጸግባሪ ይባላል። ለውጡ ከመነሻው እስከ መድረሻው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ደግሞ የአጸግብሮቱ አካሄድ ይባላሉ። ብዙ ተማሪ መነሻውንና መድረሻውን ይሸመድድና አካሄዱን ይተወዋል። ይህም ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ባሕር ዳር የደረሰ ሰው መንገዱን ሳያይ ተኝቶ እንደመሄድ ነው፤ ሌላ ቀን መንገዱ ቢዘጋ የሚዞርበትን አያውቅም።

አካሄዱን ለመረዳት ሁለት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛው፣ ካርቦን አራት እጆች እንዳሉት ቁጠሩት፤ ከአራት በላይ ሊይዝ አይችልም። ሁለተኛው፣ አቶሞችን የሚያስተሳስሩት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ኦክስጅን ደግሞ ከካርቦን ይልቅ ኤሌክትሮንን ወደ ራሱ የመሳብ ኃይል አለው።

አሁን 28ኛውን ካርቦን ተመልከቱ። በሁለት እጆቹ አንድ ኦክስጅን ይዟል። በሦስተኛው እጁ ሌላ ኦክስጅን ይዟል፤ ይህም ሁለተኛው ኦክስጅን በበኩሉ ስኳሩን ይዟል። በአራተኛው እጁ አጽሙን ይዟል። እንዲህ ያለው ትስስር ኤስተር ይባላል። ሁለቱ ኦክስጅኖች ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሳቸው ስለሚስቡ ካርቦኑ ኤሌክትሮን የጎደለው ይሆናል።

ውሃ በተቃራኒው ትርፍ ኤሌክትሮን አለው። በውሃ ሞለኪዩል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ከማንም ጋር ያልተጋራቸው ሁለት ጥንድ ኤሌክትሮኖች ይዟል። የጎደለው ከተረፈው ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ለውጡ በሚከተሉት ደረጃዎች ያልፋል፦

በመጀመሪያ፣ የውሃው ኦክስጅን ከትርፍ ኤሌክትሮኖቹ አንዱን ጥንድ ለካርቦኑ ይሰጥና ከእርሱ ጋር ይያያዛል። ካርቦኑ አምስት እጅ ስለሌለው፣ የመጀመሪያውን ኦክስጅን ከያዘባቸው ሁለት እጆች አንዱን ይለቃል።

ቀጥሎ፣ ካርቦኑ ለጥቂት ጊዜ አራት ጎረቤቶችን በአራት እጅ ይዞ ይቆያል። ይህ ሁኔታ የማይረጋ ነው። በዚህ ጊዜ ከውሃው የመጣ አንድ ሃይድሮጅን ስኳሩን ወደያዘው ኦክስጅን ይዛወራል።

በመጨረሻም፣ እጁን የተለቀቀው ኦክስጅን እንደገና በሁለት እጅ ሊያዝ ይመለሳል። ለእርሱ ቦታ ለመስጠት አንዱ መሄድ አለበት። የሚሄደው ስኳሩ ነው፤ ሃይድሮጅኑን ስላገኘ ብቻውን ለመኖር ይችላልና። በአጽሙ ላይ የሚቀረው የአሲድ ጫፍ ይሆናል።

ይህ በውሃ አማካይነት የሚደረግ መለያየት ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ነገር ግን ውሃ ብቻውን ደካማ ሰጪ በመሆኑ ይህን ሥራ እጅግ በዝግታ ነው የሚሠራው። እንዶዱ ግን ረዳት አለው። በፍሬው ውስጥ ኢንዛይም የተባለ አፋጣኝ ይገኛል። ፍሬው ሲወቀጥና ውሃ ሲያገኝ ኢንዛይሙና ሳፖኒኑ ይገናኛሉ። ኢንዛይሙ ኤስተሩን አመቻችቶ ይይዝና ትስስሩ ቶሎ እንዲቆረጥ ያደርጋል። በኢንዛይም የሚደረገው አካሄድ ከላይ ከተጻፈው ይልቅ ተጨማሪ ደረጃዎች ሊኖሩት ቢችልም መሠረቱ አንድ ነው፤ ኤሌክትሮን የተረፈው ኤሌክትሮን ወደጎደለው ይሄዳል።

5. የትኛውን እንምረጥ?

አካሄዱን ካወቅን ዘንድ አጸግባሪን መምረጥ የዕድል ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። አራት ምርጫዎች ቀርበውልናል እንበል።

የመጀመሪያው ምርጫ ሜታኖል ነው። ሜታኖል ሳፖኒኑን በደንብ ያሟሟል፤ ነገር ግን በሜታኖል ውስጥ ኢንዛይሙ ሥራውን አይሠራም፤ ለሃይድሮሊሲስ የሚያስፈልገውም ውሃ አይገኝም። በመሆኑም ሁለቱም ስኳሮች በየቦታቸው ይቀራሉ። ብሩኖ ዶሞንና ኩርት ሆስቴትማን የተባሉ ኬሚስቶች በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በሜታኖል የሚገኘው ባለ ሁለት ወገን ስኳር ሳፖኒን ቀንድ አውጣን እንደማይገድል፣ በውሃ የሚገኘው ባለ አንድ ወገን ስኳር ግን እንደሚገድል አሳይተዋል። በምንባባችን መጀመሪያ የጠየቅነው ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ኃይሉ የትም አልሄደም፤ መጀመሪያውኑ አልተፈታም።

ሁለተኛው ምርጫ ብርቱ አሲድ ጨምሮ ማፍላት ነው። አሲድ ኤስተሩን እንደሚቆርጥ እውነት ነው። አሲዱ ሃይድሮጅኑን ለኦክስጅኑ ሲሰጠው ኦክስጅኑ ኤሌክትሮኖችን ይበልጥ ይስባል፤ ካርቦኑም ይበልጥ የጎደለው ይሆናል፤ ስለዚህ ደካማው ውሃ እንኳን ይደፍረዋል። ይሁን እንጂ በ3ኛው ካርቦን ላይ ያለው ስኳርም የአሲድ ጠላት አለበት። የዚያ ትስስር ዓይነት ከኤስተር የተለየ ቢሆንም አሲድ ይፈታዋል። መጨረሻው ሁለቱም ስኳሮች የተገፈፉበት እርቃን አጽም ነው። እርሱም በውሃ አይሟሟም፤ ስለሆነም ወደ ቀንድ አውጣው ሊደርስ አይችልም። በዚህ ምርጫ የሚፈለገው ተቆርጧል፤ የማይፈለገውም አብሮ ተቆርጧል።

ሦስተኛው ምርጫ እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለ ቤዝ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ያለው ሃይድሮክሳይድ ከውሃ የበለጠ ኤሌክትሮን ሰጪ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎደለው ካርቦን በብርቱ ይሄዳል፤ ኤስተሩንም ይቆርጣል። በ3ኛው ካርቦን ላይ ያለው ትስስር ግን ሃይድሮክሳይድ የሚሄድበት ኤሌክትሮን ክፉኛ የጎደለው ካርቦን ስለሌለው ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ቤዝ የምንፈልገውን ለይቶ ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ ቆዳንና ዓይንን ያቃጥላል፤ ደግሞም በገንዘብ የሚገዛ ነው።

አራተኛው ምርጫ እናቶች የሚያደርጉት ነው፤ ደረቁን ፍሬ ወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍ። አፋጣኙ በፍሬው ውስጥ አለ፤ ውሃው ከወንዙ ይቀዳል፤ የሚቆረጠውም ትክክለኛው ትስስር ነው። ልብ ልትሉት የሚገባው አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ። ኢንዛይም በብርቱ ሙቀት ይበላሻል። ስለዚህ ፍሬውን ሳይወቅጡ አስቀድሞ ማፍላት አፋጣኙን ሥራውን ሳይጀምር እንደማጥፋት ይቆጠራል።

ልብስ አጣቢዎቹ ስለ 28ኛው ካርቦን የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ዘዴው ትክክል መሆኑን የነገራቸው የብዙ ትውልድ ልምድ ነው። ኬሚስቱ በበኩሉ ልምዱን አልፈጠረውም፤ ለምን ትክክል እንደሆነ አወቀ። የዚህ ዕውቀት ጥቅም ምንድን ነው? ልምድ ያለው ሰው በለመደው መንገድ ይሄዳል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን ከዚህ በፊት ማንም ባልሞከረው ነገር ላይ እንኳን ምን ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ለመገመት ይችላል።

6. ያው አካሄድ በሌላ ቦታ

ይህን አባባል በሌላ ምሳሌ እንፈትነው። ሳሙና ሠሪ ሞራን ከኮስቲክ ሶዳ ጋር አፍልቶ ሳሙና ይሠራል። ሞራ ምንድን ነው? ሦስት ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች ግሊሰሮል ከተባለ አንድ ትንሽ ሞለኪዩል ጋር የተያያዙበት ነገር ነው። ሰንሰለቶቹን ከግሊሰሮሉ ጋር ያያያዛቸው ምን ይመስላችኋል? ኤስተር ነው! የእንዶዱ ስኳር በተቆረጠበት አካሄድ የሞራውም ሦስት ትስስሮች ይቆረጣሉ። በአንድ በኩል ግሊሰሮል፣ በሌላ በኩል ሳሙና ይወጣል።

ታዲያ ሳሙና ሠሪው በኮስቲክ ሶዳ ፋንታ አሲድ ለምን አይጠቀምም? አካሄዱን የተማረ ሰው መልሱን ራሱ ያገኘዋል። አሲድ ኤስተርን ቢቆርጥም ለውጡ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ለመሄድ ስለሚችል የተለያዩት ተመልሰው ሊያያዙ ይችላሉ። ከዚህም በላይ የሚወጣው ነገር የሞራ አሲድ እንጂ ሳሙና አይደለም። ቤዝ ግን ከተቆረጠው የአሲድ ጫፍ ላይ ሃይድሮጅኑን ይወስድበታል። ጫፉ ኤሌክትሮን የተረፈው ስለሚሆን ከእንግዲህ ሌላ ኤሌክትሮን ሰጪ አይቀርበውም፤ ለውጡም ወደ ኋላ አይመለስም። ይህ ውሃን የሚወድ ጫፍ ከረጅሙና ቅባትን ከሚወደው ሰንሰለት ጋር ሆኖ ሳሙና ይባላል።

በዚህ ዓይነት የአንድ ትስስር አካሄድ ከእንዶድ ዘፍዛፊዋ ጓዳ እስከ ሳሙና ሠሪው በርሜል ድረስ ያገለግላል። ሁለቱን ለየብቻ የሸመደደ ተማሪ ሁለት ነገር ያውቃል። አካሄዱን የተረዳ ተማሪ ግን ሁለቱን ከማወቁም በላይ ሦስተኛውን ሲያጋጥመው አይደናገርም።

7. ማጠቃለያ

እንግዲህ አጸግባሪ እንድትመርጡ በፈተናም ሆነ በሥራ ስትጠየቁ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ለራሳችሁ አቅርቡ። መቆረጥ ወይም መያያዝ ያለበት ትስስር የትኛው ነው? በዚያ ስፍራ ኤሌክትሮን የጎደለው ማን ነው፤ የተረፈውስ ማን ነው? የምጨምረው ነገር ከምፈልገው ሌላ ምን ያበላሽብኛል? ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል። በእንዶዱ ምሳሌ አሲድ የወደቀው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች አልፎ በሦስተኛው ላይ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። የሕዋስን ሽፋን የሚያፈርስ ነገር የቀንድ አውጣውንና የሌላውን ሕያው ፍጡር ሕዋስ ለይቶ አያውቅም። እንዶድ ዓሣን ይገድላል፤ የሚጠጣው ሰውም በብርቱ ሊመረዝና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ በአጥራችሁ ላይ የሚያድገውን እንዶድ እንደ ተራ ቅጠል አትናቁት፤ እንደ ቀላል መድኃኒትም አትድፈሩት። ወንዝ ወርዳችሁ እናታችሁን ወይም እኅታችሁን ልብስ በማጠብ ስትረዱ አረፋውን ተመልከቱ። በዚያች ቅጽበት በእጃችሁ ሥር አንድ ትስስር እየተቆረጠ፣ ሌላው እየዳነ መሆኑን አስታውሱ።

መልመጃ

ሀ. የቃላት ፍቺ

አሟሚ፦ ሌላውን ነገር በውስጡ የሚያሟሟ።
አጸግባሪ፦ ኬሚካዊ ለውጥ እንዲመጣ የሚጨመር ንጥረ ነገር።
ኤስተር፦ አንድ ካርቦን አንዱን ኦክስጅን በሁለት እጅ፣ ሌላውን ኦክስጅን በአንድ እጅ ይዞ፣ ሁለተኛው ኦክስጅን ደግሞ ሌላ ካርቦን የሚይዝበት ትስስር።
ሃይድሮሊሲስ፦ በውሃ አማካይነት የሚደረግ የትስስር መለያየት።
አፋጣኝ፦ ራሱ ሳያልቅ ለውጡ ቶሎ እንዲፈጸም የሚያደርግ ነገር።

ለ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ

1. በሜታኖል የወጣው የእንዶድ ሳፖኒን ቀንድ አውጣን የማይገድለው ለምንድን ነው?
2. በ28ኛው ካርቦን ላይ ስኳሩ የሚቆረጥበትን አካሄድ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
3. አሲድና ቤዝ በእንዶድ ሳፖኒን ላይ የሚያደርሱትን ውጤት አነጻጽሩ።
4. አንድ ሰው «ፍሬውን ሳልወቅጠው አፍልቼ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ወቅጬ እዘፈዝፈዋለሁ» ቢላችሁ ምን ትመክሩታላችሁ? ምክንያታችሁን ግለጹ።

ሐ. ሰዋስው

1. በክፍል 5 ውስጥ ምክንያትንና ውጤትን የሚያያይዙትን ቃላት፣ ለምሳሌ «ስለዚህ» እና «በመሆኑም» የመሳሰሉትን፣ ለቅማችሁ አውጡ። እያንዳንዳቸውን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አግቡ።
2. «መረጠ» ከሚለው ግሥ አምስት ቃላት አርቡ፤ የእያንዳንዱንም የቃል ክፍል ለዩ።

መ. ድርሰት

በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱን፣ ለምሳሌ ጠላ መጥመቅን፣ እርጎ መናጥን ወይም ቆዳ ማልፋትን ምረጡ። ሥራው በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ደረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያብራራ ባለ አራት አንቀጽ አስረጂ ድርሰት ጻፉ። ምክንያቱን የማታውቁት ደረጃ ቢያጋጥማችሁ ከመገመት ይልቅ ሥራውን የሚያውቁትን ሰዎች፣ ቀጥሎም የኬሚስትሪ መምህራችሁን ጠይቁ።